ጓሮዬ ውስጥ የተቀበረው ብረት

መኪናዋን ስገዛ ያሰብኩት ስለ ቤንዚን ብቻ ነበር። ያን ዘመን ሶዶ ላይ ቤንዚን የሚገኘው ማደያው ውስጥ ሳይሆን ማደያው አጠገብ ነበር። በሃይላንድ ፕላስቲክ ይዞ የቆመ ሰው ፊትህን አየት ያደርግና ዋጋ ይጠራል። ፊት አይቶ ዋጋ መጥራት የእኔም ሥራ ነው፤ በራሴ ላይ ሲሠራብኝ ግን ደስ አይለኝም።

አዲስ አበባ ጨውና ሳሙና በጅምላ የምረከበው ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንዲት አቧራ የለበሰች ነገር ቆማ አየሁ። ከባጃጅ ትበልጣለች፣ ከመኪና ታንሳለች። አራት ጎማ፣ ሁለት በር፣ አንድ የመስታወት መጥረጊያ አላት። ነጋዴው ቤንዚን የሚባል ነገር እንደማትቀምስ፣ ቤት ስደርስ እንደ ሞባይል ሶኬት ላይ እንደምሰካት ነገረኝ። የመብራት ሰልፍ አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። ልክ ነበርኩ። መብራት ሲሄድ የሚሰለፍ ሰው የለም።

በአይሱዙ ጭኜ፣ በጨው ጆንያ አስደግፌ አመጣኋት። ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና ወደፊት ታድግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህን የጠየቀችው በቁም ነገር ነው ወይስ በቀልድ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሳሎን ያለው ሶኬት ላይ ሰካኋት። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አበራ። መኝታ ቤት፣ ቀይ። ወጥ ቤት፣ ቀይ። በሦስተኛው ቀን አንድ ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ፣ ቃል በችርቻሮ የሚገዛ ይመስል ዝምታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ሶኬቱን ፈታና መሀለኛውን ቀዳዳ በቴስተሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«ጋሼ፣ ይቺ ከምንም ጋር አልተገናኘችም።»

እውነቱን ለመናገር ያቺን ቀዳዳ ለአየር ማስገቢያ ነበር የማስባት። ይህን ስነግረው ትንሽ አየኝና ወደ ማከፋፈያው ሄደ። እዚያ ደግሞ ፊውዙ ሲቃጠል እኔው ራሴ የጠመዘዝኩትን የመዳብ ሽቦ መዞ፣ ጥርስ እንደነቀለ ሐኪም በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ። ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለው ገመድ ጣራውን የመታው አናጢ የዘረጋው ነው። ከቆጣሪው ሥር ደግሞ ሌላ ገመድ ወጥቶ፣ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ፣ ጎረቤታችን ቤት ይገባል። ጎረቤታችን የራሷ ቆጣሪ ስላልነበራት ያኔ ቤቱን ስንሠራ የሰጠናት መስመር ነው። ሁሉንም አይቶ ሲጨርስ፣ ይህ ቤት እስከ ዛሬ ያልተቃጠለው በጸሎት ነው አለ። ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ድሮም ታውቅ ነበር።

የሚያስፈልገውን ዘረዘረልኝ። ከቆጣሪው በቀጥታ ለመኪናዋ የሚመጣ ወፍራም ገመድ፤ ለብቻዋ የሚሆን ብሬከር፤ መኪናዋ በተሰካችበት ሰዓት ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ አለመለኮሷ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤርዝ። ኤርዝ ማለት ከሽቦው ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው ላይ እንዳይወጣ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው። ቻርጀሩ ቀይ የሚያበራው ያን መንገድ ሲያጣ ነበር።

ገመዱና ብሬከሩ በአንድ ቀን አለቁ። ጎረቤታችን የምድጃውን ነገር ስትሰማ ፊቷን አጠቆረች፤ መስመሩ የእኔ ስለሆነ ግን ምንም አላለችም። ያን ቀን ምንም አለማለቷ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ኤርዙ ከጓሮ፣ ከእሷ አጥር ሥር ተቆፈረ። ጉድጓዱ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል። ረጅም ብረት መሀል ላይ አቆመና ዙሪያውን ከሰል፣ በላዩ ጨው፣ በላዩ አፈር፣ እንደገና ከሰል፣ እንደገና ጨው እያለ ሞላው። ጨውና ከሰል እርጥበት ይይዛሉ፤ ኤሌክትሪክም እርጥብ መሬት ይወዳል አለኝ። ጨው መቼም ከሱቄ አይጠፋም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ በጋሪ አመጣሁት። ቻርጀሩ አረንጓዴ አበራ። ኤሌክትሪሻኑም ሊሄድ ሲል፣ ወሩ ጥር ስለሆነና መሬቱ ስለደረቀ፣ ዝናብ እስኪመጣ በየማለዳው ብረቱን እየዞርኩ አሥራ ሁለት ጆግ ውኃ እንዳጠጣው አዝዞኝ፣ ገሱባ ከተማ የትምህርት ቤት ሕንፃ መስመር ሊዘረጋ ሄደ።

አሁን የሚሆነውን ከአጥሩ ወዲያ ሆናችሁ እዩልኝ። የሶዶ የጥር ማለዳ ብርድ አለው፤ ጋቢዬን ከራሴ እከናነባለሁ። ውኃ በጆግ እየቀዳሁ ብረቱን እዞራለሁ። ስቆጥር ደግሞ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላወራ መቁጠር አልችልም። እንግዲህ አንድ የተከናነበ ሰው በማለዳ ተነስቶ፣ ጨውና ከሰል የተቀበረበትን ብረት እየዞረ፣ ውኃ እያፈሰሰ ያጉተመትማል። እኔም ራሴን በአጥር ቀዳዳ ባየው ኖሮ እጠረጥረው ነበር።

ያኔ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል። ለጽዳትም ለመዋጮም ስንጠራ አምስታችንም አንድ ላይ ተገኝተን አናውቅም። ለእኔ ጉድጓድ ግን አደረጃጀቱ ያለ አንዳች እንከን ሠራ። የአምስታችን ጠርናፊ ደግሞ ጎረቤታችን ነች። በሁለተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ ጨው ልትገዛ መጥታ ከየትኛው ጆንያ እንደምሰፍርላት ጠየቀችኝ። በአራተኛው ቀን ዝንጅብል ልጭን ቦምቤ ስሄድ፣ ዘንቢል ሻጮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተቀበረው በግ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ አሉኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። እሱ ቤንዚን አይጠብቅም፣ ቻርጅም አይደረግም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ችግሩ የልጄ ጋብቻ ነው። ሻንቶ ከተማ የምታስተምረው ልጄ ታጭታለች፤ የእጮኛዋ አባት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ከሠርጉ በፊት የሙሽሮቹ ስም በጉባኤው ፊት ይነበብና «ተቃውሞ ያለው ካለ ይናገር» ይባላል። የሚነበበው የፊታችን እሁድ ነበር። ሰውየው በጣም ጥንቁቅ ናቸው። ሎሚ ሲገዙ እንኳ አንድ በአንድ ይጫናሉ። ልጃቸውን ብረት ከሚያመልክ ሰው ቤት አያጋቡም።

ሐሙስ ማታ ልጄ ከሻንቶ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ጓሮ ሄዳ ብረቱን አይታ ተመለሰች።

«አባዬ፣ የምትድረው እኔን ነው መኪናህን?»

ስለ ኤርዝ ልነግራት ጀመርኩ። እሷ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ኤርዝ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች። የማታውቀው ለምን ተከናንቤ እንደማጠጣ ነው። ስለበረደኝ አልኳት። መልሱ እውነት ነበር፣ ግን እውነት አይመስልም። ለእጮኛዋ ቤተሰብ እሷ ራሷ ታስረዳልኝ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ሙሽራ ለአማቶቿ ስለ አባቷ ጉድጓድ ስታስረዳ ታይቶ አይታወቅም አለችኝ። እኔም ሳስበው አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከእጮኛዋ አባት መልእክት መጣ። ከሰዓት ይመጣሉ። ነገሩን በዓይናቸው ሳያዩ የእሁዱ አይነበብም።

ሦስት ሆነው መጡ፤ እሳቸው፣ መጋቢው፣ እና ሌላ በጣም ያረጁ ሽማግሌ። ባለቤቴ ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅላ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረበች። ማንም እጁን አልዘረጋም። ሽማግሌ ለጉዳይ ሲመጣ ጉዳዩ ሳይፈታ አይበላም። የቦዬው እንፋሎት ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁና ነገሩ ቶሎ ማለቅ እንዳለበት ገባኝ። የቀዘቀዘ ቦዬ የታረቀ ሰውም ያጣላል።

ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ጎረቤታችን በአጋጣሚ አጥሩ ሥር ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። የእሷ ጎመን ያለው ግን ከግቢዋ ወዲያኛው ጫፍ ነው።

የማውቀውን ያህል አስረዳሁ። ያመለጠ ኤሌክትሪክ፣ ከሰል፣ ጨው፣ እርጥበት። ስናገር ለራሴም ጥሩ አልመሰለኝም። ባለሙያው ራሱ ቢናገር ይሻላል ብዬ ገሱባ ደወልኩና ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ገሱባ ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ስትወጣ ነው፤ ሰውዬው ጉብታው ላይ አልነበረም። ድምፁ ተቆራርጦ መጣ። «ጋሼ… ብረቱ… ሰው የሚገድለውን… ወደ ታች ይቀበልልናል…» አለና ጠፋ።

አሮጌው ሽማግሌ በከዘራቸው ወደ ስልኩ አመለከቱ። መጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያን ጊዜ ይበልጥ የሚያሰጥመኝ ሐሳብ መጣልኝ። ኤሌክትሪሻኑ ሥራውን የፈተነበት አንድ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ ያለው፣ ትቶልኝ ሄዶ ነበር። አንዱን ሽቦ ከመስመሩ አገናኘህ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ አስነካህ፤ አምፖሉ ከበራ ኤርዙ ጤነኛ ነው። በዓይናቸው አይተው ይመኑ አልኩና አስነካሁት።

አምፖሉ ቦግ አለ።

የሚወራውን ሰምታችሁ የመጣችሁ ሰዎች ብትሆኑ፣ አንድ ነጋዴ ጓሮው ከቀበረው ብረት ላይ ሽቦ ሲያስነካ ብርሃን ቢወጣ ምን ትሉ ነበር? አሮጌው ሽማግሌ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። በእሳቸው ዕድሜ ሁለት እርምጃ ብዙ ነው።

«ታች ያለው ማነው?» አሉ።

«ማንም የለም አባባ፣ መሬት ነው።»

«መሬትን ዘመናችንን በሙሉ ረግጠናታል፤ አብርታልን አታውቅም።»

ነጋዴ መልስ ሲያጣ ዋጋ ይቀንሳል፤ እዚህ ግን የሚቀነስ ነገር የለም። የእጮኛዋ አባት ቁጢጥ አሉና ከብረቱ ሥር ትንሽ አፈር ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አስነኩ። ተፉት። ጨው ነው አሉ። ልጄ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እሷን ላለማየት አምፖሉን አያለሁ፤ አምፖሉ ደግሞ ማብራቱን አልተወም።

በዚህ መሀል መጋቢው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ይህ ብረት… የሚነዝር ነገር ካለ ወደ መሬት ይወስደዋል ማለት ነው?»

ባለሙያው እንዲያ ነው ያለኝ አልኳቸው። መጋቢው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ እንደ ንስሐ ቀስ ብለው ተናገሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ማይክራፎን ከንፈራቸውን ይነዝራቸዋል። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለዚህ ነው በመሀረብ የሚይዙት፤ እኛ ለአክብሮት ይመስለን ነበር።

የእጮኛዋ አባት ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገሯቸው ጠየቁ።

«ከእኔ ድካም መስሎኝ ነው» አሉ መጋቢው። «ሦስት ቀን ጾምኩበት።»

ማንም አልሳቀም። አሮጌው ሽማግሌ ብቻ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው በሳቅ ትከሻቸውን ያንቀጠቅጡ ጀመር። መጋቢው ካዩዋቸው በኋላ እሳቸውም ራሳቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ከአጥሩ ወዲያም አንድ ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ፤ ጎመን ግን አይስቅም።

የእጮኛዋ አባት ሳይስቁ ተነሱ። ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ነገሩ ንጹሕ ከሆነ የትም ንጹሕ ነው» አሉ። «ነገ እንዲህ ያለ ብረት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይተከል። ማይኩ መንዘሩን ከተወ እሁድ ይነበባል። ካልተወ አይነበብም።»

እንዲህ አድርገው የልጄን ጋብቻ ማይክራፎን ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ወደ ሳሎን ገብተው አንድ ቦዬ አነሱ። ዳጣ ግን አልነኩም። ጉዳዩ ተከፈተ እንጂ አልተዘጋም ማለት ነው።

ኤሌክትሪሻኑን ሌሊቱን ስደውልለት አድሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። ጨውና ከሰሉን እኔ እችላለሁ አልኩ። ጋሪ ልጠራ ስል የእጮኛዋ አባት ከለከሉኝ። የሄደው ወሬ በቀን እንደሄደ፣ መልሱም በቀን፣ በሰው ትከሻ ይሂድ አሉ። የሃያ አምስት ኪሎውን የጨው ጆንያ እሳቸው ራሳቸው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። መጋቢው ከሰሉን፣ እኔ ሌላ አዲስ ብረት ይዤ በገበያው መሀል አለፍን። ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። አንዳንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀብር መስሎት ይሁን አላውቅም።

ኤሌክትሪሻኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቆፈረ፣ ሞላ፣ ውኃ አጠጣ፣ ሽቦውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አሰረ። ከዚያ ማይኩን ለመጋቢው ሰጣቸው። መሀረባቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን አስጠጉ። «ሳሮ» አሉ፤ በወላይትኛ ሰላም ማለታቸው ነው። ዓይናቸውን ገለጡ። እንደገና «ሳሮ» አሉ። ከዚያ ያለ ማቋረጥ ሰላም ይሉ ጀመር፤ ባዶውን አዳራሽ ሁለት ዓመት ያልተባለውን ሰላም ሁሉ አሉት።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ግማሹ የመጣው ለአምልኮ ነው፣ ግማሹ ብረቱን ለማየት። የመዘምራኑ መሪ፣ ለዓመታት መዝሙሩ መሀል ላይ እመር እያለች ሕዝቡን የምታነሳሳው፣ ያን ቀን ማይኩን ይዛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ብላ ቆማ ዘመረች። አንዳንዶች ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

መጋቢው ወረቀቱን አወጡ። የልጄን ስም፣ የእጮኛዋን ስም አነበቡ። ተቃውሞ ያለው ካለ አሁን ይናገር አሉ። በሕይወቴ ብዙ ዝምታ ሰምቻለሁ፤ ዋጋ ከጠራሁ በኋላ ያለውን የደንበኛ ዝምታ የመሰለ አስፈሪ ነገር የለም እል ነበር። አለ።

ከሴቶቹ ረድፍ አንድ እጅ ተነሳ። የጎረቤታችን እጅ ነው።

ባለቤቴ ጉልበቴን ጨመቀችው። ልጄ አንገቷን ደፋች። መጋቢው መሀረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በዚህ ጊዜ ላብ ሊጠርጉበት። ጎረቤታችን ቀስ ብላ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ተቃውሞ የለኝም» አለች። «ጥያቄ ነው። የእኔም ምድጃ ይነዝረኛል። ለአንድ ቤት ስንት ኪሎ ጨው ይበቃል?»

መጋቢው የእጮኛዋን አባት አዩ። ጉባኤው እኔን አየ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ይህን ልጄም በኋላ ደጋግማ ነግራኛለች። ግን ዕድሜዬን በሙሉ ነግጃለሁ፤ ስንት ኪሎ ተብዬ ተጠይቄ ዝም ብዬ አላውቅም።

«ሃምሳ» አልኩ።

የእጮኛዋ አባት ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ኋላ አልዞሩም።

«ሃያ አምስት ነው» አሉ። «ተሸክሜዋለሁ።»

መጋቢው ተቃውሞ አልተገኘም አሉና ወረቀቱን አጠፉት።